ማስቲሽ ያልነካው ጫማ

ቁልፉ እኔ ወገብ ላይ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፣
ከአዘዞ በታክሲ ነው ማለዳ የምመጣው።
ዘንድሮ ግን ታዘዝኩ፦ "ገብተሽ ተቀመጪ
ከልጆቹ መሀል፤
በር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው አፍ ያስይዛል"
አለችኝ ሲስተር አትጠገብ፣
ማክሰኞና ዓርብ የምትመጣው ከሆስፒታል።

ስድስት ልጆች ናቸው። በርጩማ ስለሌለ
በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ነው ክባቸው የዋለ።
ትልቋ አሥራ ሰባት፣ አረቄ የለመደች፣
በገባች ሰሞን ሌሊት ሌሊት
"ሸረሪቱን አንሡልኝ!" እያለች ትጮህ ነበረች፤
አሁን ትተኛለች።
ሁለቱ መንትዮች ናቸው፣ መናኸሪያ በር ላይ የተያዙ፣
ቤንዚን የጠጣ አንድ ጨርቅ ለሁለት የሚይዙ።

ትንሿ ዘርትሁን ግን
አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ቀን ሙሉ ዝም።
በስርቆት ነው የገባችው፤ የሰረቀችው ገንዘብ አይደለም፣
ሁለት ጣሳ ማስቲሽ ነው፤ መዝገቧ ላይ ሌላ የለም።
እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ "ቀማኛዋ" ነበር የምላት፣
ፍራሿን ስፈትሽባት፣ ከእጅጌዋ ጨርቅ ስነጥቃት።

አንድ ዓርብ ሲስተር ጠየቀች፦
"ከሱሱ በፊት የምትወዱት
አንድ ሽታ ንገሩኝ፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ።"
አንዷ "የጎርጎራ ዓሣ" አለች፤ አንዷ "አዲስ ደብተር"፤
መንትዮቹ ተያይተው "ዝናብ የነካው ቆርቆሮ"፤
ተራው ዘርትሁን ጋ ደረሰ። ጀሪካኗ ተንቋቋ፣
"ማስቲሽ" አለች።
ሳቁ።
እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም።

"አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር" አለች፣ ድምፅዋም አልጨመረ፣
"አራዳ፣ ከግንቡ አጥር ሥር፣ ከጃንጥላው ጋር የኖረ።
እጁም፣ ጢሙም፣ ካፖርቱም
እሱን እሱን ይሸት ነበር፤
ሲሞት ልብሱን በኦሞ አጠቡት፣
ሽታው ሄደ ከአረፋው ጋር።
እና ጣሳውን ስከፍት ይመጣል፣
ትንሽ አጠገቤ ይቀመጣል።
እሺ፣ ትቻለሁ። ተውኩት።
ግን አባቴን በምን ላሽተው?"

ሲስተር ወረቀቷን ገለበጠች፣
ከጀርባው ምንም አልነበረም፤
አጠፈች፣ ደግሞ አጠፈች።
እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ።
የእናቴን ነጠላ ሳላጥብ
ስድስት ዓመት ሣጥን ውስጥ አኑሬ የለ? ማንስ ከሰሰኝ?
ቁልፉ ወገቤ ላይ ነው፤ ያን ቀን ቆረቆረኝ።

ማታ ሽንታ ድልድይ ስደርስ የጫማዬ ሶል አፉን ከፈተ።
ጫማ ሰፊው ጣሳ አነሣ።
"ተው!" አልኩት። "ምነው እትዬ?"
"በክር ስፋልኝ።"
"ይቆያል፤ ዋጋውም ይበዛል።"
"ይብዛ።"
ወስፌውን አወጣ፤ ከደረት ኪሱ ቢጫ ድንጋይ መሳይ ነገር አውጥቶ
ክሩን አሸው፣ ደጋግሞ አሸው፤ መሸ።
የመጨረሻው ታክሲ አመለጠኝ፣ አዘዞ በእግሬ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ሲስተር ገና ሳትመጣ፣
ዘርትሁን ጎንበስ ብላ እግሬን አየች።
"በክር ነው" አለች።
"በክር።"
"ሰም ነክቷል። አባዬም ማስቲሽ ሲያልቅበት በክር ነበር፣
ሰሙን እሱ ሲያሸው እኔ ጫፉን እይዝ ነበር፤
ጣቴ ላይ ይቀር ነበር።"

ስጪኝ አላለችም። ደንብ አለ፤ ደንቡን አውቃለሁ።
አውልቄ ሰጠኋት።
አፍንጫዋን ስፌቱ ላይ አሳረፈች፤ ረጅም ነው፣
ውጭ ሁለት ጊዜ ስሜ ተጠራ፣ አልመለስኩም።
ከዚያ ጫማውን አዙራ፣ በአውራ ጣቷ ስፌቱን ለካች፣
መለሰችልኝና የቀረውን እግሬን እያየች፦
"ግራውም ሊከፈት ነው" አለች።